የአፍሪካ ዋንጫና የመጋላ አሸዋ

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከተማይቱ በደቻቱ ወንዝ ለሁለት እንደ ተከፈለች ያስታውሳል። በአንዱ ዳር ከዚራ አለች፤ አሮጌው የባቡር ጣቢያ፥ ቀጥ ያሉት መንገዶችና ጥላ የሚሰጡት ዛፎች የሚገኙት በዚያ ነው። ድልድዩን ተሻግረው ሲሄዱ መጋላ ይመጣል፤ የቀፊራ ገበያ፥ ጠባብ መተላለፊያዎች፥ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ሱቆችና ቤቶች። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ ውሃ የሚያልፍበት በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። በደጋው ዝናም በወረደ ጊዜ ሳይታሰብ ይሞላል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ እንዳደረገውም የብዙ ሰው ሕይወት ይዞ ይሄዳል። በቀረው ጊዜ ግን አሸዋ ነው። ይህም አሸዋ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበርድ የልጆች የኳስ ሜዳ ይሆናል። ሁለት ድንጋይ በዚህ፥ ሁለት ድንጋይ በዚያ ይቀመጣል። አንዱ ልጅ በኦሮምኛ ይጣራል፥ ሌላው በሶማልኛ፥ ሌላው በአማርኛ፥ ሌላውም በሐረሪ ቋንቋ ይሰድባል። «ጎል!» ሲባል ግን ሁሉም ባንድ ቋንቋ ይናገራሉ።

በማስተምርበት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ከታሪክ ትምህርት ጥቂት ደቂቃ ሰርቄ ተማሪዎቼን ሦስት ጥያቄ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ፥ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው መቼ ነው? ሁሉም እጁን አወጣ። ሁለተኛ፥ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ማን ነበር? አራት ወይም አምስት እጅ ቀረ። ሦስተኛ፥ ይህ አምበል በእነዚያ ዓመታት ለየትኛው ክለብ ይጫወት ነበር? ክፍሉ ዝም አለ። አንዱ «ጊዮርጊስ» ብሎ ሞከረ፤ ሌላው «መቻል» አለ። መልሱ ከተቀመጡበት ወንበር በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ነበር። ክለቡ ኮተን ነው፤ የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን።

ውድ አንባቢዎቼ፥ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ዝምታ ነው። ስለ ብሔራዊ ቡድናችን ስንናገር ሁልጊዜ የምናነሣው አዲስ አበባን፥ ስታዲየሙንና ዋንጫውን ነው። የቡድኑን መዝገብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገልጦ ለተመለከተ ሰው ግን አንድ ነገር ግልጥ ሆኖ ይታየዋል። ይኸውም ዋንጫው የተቀበሉት በዋና ከተማ ይሁን እንጂ የተሠራው በሌላ ስፍራ መሆኑ ነው። ሥራው የተሠራው በአሥመራና በድሬዳዋ ሜዳዎች ላይ ነበር። እነዚያ ሜዳዎች በበረቱ ጊዜ ብሔራዊ ቡድኑ በረታ፤ በደከሙ ጊዜ ደከመ።

ዘጠኝ ጎል ገብቶበት አንድም ያላገባ ቡድን

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያውን የውጭ ግጥሚያ ያደረገው በ1940 ዓ.ም. ነው። እንግዳው ቡድን የመጣው በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ሶማሌ ይባል ከነበረው ከዛሬው ጅቡቲ ሲሆን፥ የእኛ ልጆች 5 ለ 0 አሸነፉት። ጅቡቲንና ኢትዮጵያን ያገናኘው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር። ከተማይቱም የተቈረቈረችው ያን ጊዜ ነው፤ አዲስ አበባ ለመድረስ ሐዲዱ እስከ 1909 ዓ.ም. ቈይቷል። ስለዚህ ድሬዳዋ ከባሕር የሚመጣው ሰውና ዕቃ፥ ወሬና ጨዋታ ሁሉ የሚያርፍባት የመጀመሪያዋ ታላቅ ከተማ ነበረች።

በ1949 ዓ.ም. የካቲት ወር ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ካርቱም ላይ ተደረገ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ በሚል ስም የታወቀው መሐመድ ዲያብ አል አጣር ነው። ይህን ስም እባካችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ አንመለስበታለን።

በ1951 ዓ.ም. ሁለተኛው ዋንጫ በካይሮ ሲደረግ ሦስት አገሮች ብቻ ተካፈሉ። ግብፅ እንደ ገና 4 ለ 0፥ ሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 አሸነፉን። እንግዲህ ሒሳቡን አስቡት። በሁለት ዋንጫ ሦስት ጨዋታ ተጫወትን፤ ዘጠኝ ጎል ገባብን፤ እኛ አንድም አላገባንም። ከዚህ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ ዋንጫውን እንበላለን ብሎ የተናገረ ሰው ቢኖር ኖሮ የሚሰማው አላገኘም ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954

ሦስተኛው ዋንጫ በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወሰነ። ለመጨረሻው ውድድር የቀረቡት ኢትዮጵያ፥ ግብፅ፥ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ናቸው። በጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን ገጠመችና 4 ለ 2 አሸነፈች። ግብፅም ኡጋንዳን 2 ለ 1 ረትታ ለፍጻሜ አለፈች። ፍጻሜው የተደረገው ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፥ እሑድ ጥር 13 ቀን ነበር።

በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ በደዊ አገባ። ኢትዮጵያ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሆነች፤ ሕዝቡ ጩኸቱን ሳይጨርስ ግን በደዊ ወዲያው በሚቀጥለው ደቂቃ ሁለተኛውን አገባ። ሁለቱን ዋንጫዎች ተከታትላ የወሰደችው ግብፅ ሦስተኛውንም ለመውሰድ የቀራት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት፥ በ101ኛው ደቂቃ፥ የሉቺያኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ አደረጋት። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። በውድድሩ ሦስት ሦስት ጎል በማግባት መንግሥቱ ወርቁና በደዊ አብረው የበላይ ሆኑ።

የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። አባቱ በዘፈን የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። እርሱ ራሱ በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫውቶ ያደገ ሰው ነው። በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ዐሥራ አምስት ዓመት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ።

እውነቱን እንናገር ካልን፥ በዚያ ዋንጫ አራት አገሮች ብቻ መካፈላቸውን፥ ጨዋታው በሜዳችንና በከፍታችን ላይ መደረጉን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት 4 ለ 0 ያሸነፈን ያው የግብፅ ቡድን ነው። ከፍታ ያደክማል እንጂ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ መሆንን አያስተምርም። ይህን የሚያስተምረው ዘወትር ከብርቱ ባላጋራ ጋር መጫወት ነው። እነዚያ ተጫዋቾች ይህን ትምህርት ያገኙት ከየት ነው?

የድሬዳዋ ስድስት ዓመታት

መልሱ በክለቦች የሻምፒዮና መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በፈረንጆች አቈጣጠር 1955 የኢትዮጵያ ሻምፒዮና የሆነው ሐማሴን ነው። በ1957 እንደ ገና ሐማሴን፥ በ1958 አካለ ጉዛይ፥ በ1959 የአሥመራው ቴሌ ተከታተሉ። ከአምስት ዓመት አራቱ የኤርትራ ናቸው ማለት ነው። ከጥር 13ቱ ተሰላፊዎች ብዙዎቹ ከዚያ ወገን የመጡ መሆናቸው ስለዚህ አያስደንቅም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን አንባቢዎቼ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። 1960፥ ኮተን። 1961፥ ኢትዮ ሲሚንቶ። 1962፥ ኮተን። 1963፥ ኮተን። 1964፥ ኢትዮ ሲሚንቶ። 1965፥ ኮተን። ሁለቱም ክለቦች የድሬዳዋ ናቸው። በተከታታይ ስድስት ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫ ከአንዲት የቈላ ከተማ አልወጣም። አንዱ ፋብሪካ ባይወስደው ሌላው ይወስደው ነበርና ዋንጫው ቤት ይለውጣል እንጂ ከተማ አይለውጥም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በዚያ ዘመን ተጫዋች በኳስ ብቻ አይኖርም፤ ሥራ ያስፈልገዋል። ድሬዳዋ ደግሞ ሥራ ነበራት። የባቡር መሥሪያ ቤት፥ የጥጥ ፋብሪካና በአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የነበሩት እዚህ ነው። ፋብሪካው ለተጫዋቹ ደመወዝና ጓደኛ፥ ለጨዋታውም ተመልካች ይሰጣል። ባላጋራው ደግሞ በሩቅ አገር ያለ ሳይሆን በዚያው ከተማ ውስጥ፥ ምናልባትም በዚያው ሰፈር ያደረ ጎረቤት ነው። እሑድ ተሸንፎ ሰኞ ጧት ከአሸናፊው ጋር ሻይ መጠጣት ግድ የሚሆንበት ከተማ ውስጥ ማንም ሰው ተኝቶ አይጫወትም።

ሉቺያኖ ቫሳሎን ወደ ድሬዳዋ የሳበው ይኸው ነው። የተወለደው በ1927 ዓ.ም. አሥመራ ውስጥ፥ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ነው። በአሥመራ ክለቦች ካደገ በኋላ መጥቶ የኮተንን ማልያ ለበሰ። ከዚያም ብዙ ዓመት ከቈየ በኋላ፥ በደርግ ዘመን አገሩን ትቶ ኢጣሊያ ገባ፤ እዚያም ሕፃናትን ኳስ ሲያስተምር ኖሮ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር ዐረፈ። የአንድ ሰው ሕይወት ከአሥመራ ወደ ድሬዳዋ፥ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም፥ ከዚያም ወደ ስደት ሲጓዝ፥ የብሔራዊ ቡድናችንም ታሪክ አብሮት የተጓዘ ይመስላል።

የድሬዳዋ ዝና በአገር ውስጥ ብቻ የቀረ አይምሰላችሁ። የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና ክለቦች የሚወዳደሩበት ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ፥ በ1957 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ፥ በአክራ ከቀሩት አራት ቡድኖች አንዱ ኮተን ነበር። በግማሽ ፍጻሜው የማሊው ስታድ ማሊየን 3 ለ 1 አሸነፈው። ዋንጫውን የወሰደው የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አራት የአፍሪካ ክለቦች አንዱ የድሬዳዋ የጥጥ ሠራተኞች ቡድን ነበር ብላችሁ ዛሬ ለአንድ ወጣት ብትነግሩት ቀልድ መስሎት ይሥቃል።

ድሬዳዋ እንግዳ ስትቀበል

ብሔራዊ ቡድኑ ከ1954 ዓ.ም. በኋላ ወዲያው አልወደቀም። በ1956 ዓ.ም. ጋና ላይ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ አራተኛ ሆነ። በ1958 ዓ.ም. ቱኒዚያ ላይ ግን በአስተናጋጇ 4 ለ 0፥ በሴኔጋል 5 ለ 1 ተሸነፈ። በ1960 ዓ.ም. ዋንጫው እንደ ገና ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ኡጋንዳን፥ አይቮሪ ኮስትንና አልጄሪያን ተራ በተራ አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በዚያም በኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸነፈና አራተኛ ወጣ። የዚያን ዓመት ፍጻሜ የመሩት ዳኛ ማን እንደ ነበሩ ታውቃላችሁ? ያዙልኝ ያልኋችሁ አድ ዲባ ናቸው። በ1949 ዓ.ም. በፍጻሜ አራት ጎል ያገባብን ሰው በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ፊሽካ ይዞ ቆመ።

በ1962 ዓ.ም. ሱዳን ላይ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፍን። አይቮሪ ኮስት 6 ለ 1 ስታሸንፈን ሎራን ፖኩ የሚባለው ተጫዋች ብቻውን አምስት አገባ። እስከዚያ ዓመት ድረስ ሰባት የአፍሪካ ዋንጫ ተደርጎ በሰባቱም ኢትዮጵያ ነበረችበት። ከዚያ ወዲህ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ የተካፈልነው በአራት ብቻ ነው።

ከእነዚያ ከአራቱ አንዱ የ1968 ዓ.ም. ዋንጫ ነው። አንደኛው ምድብ በአዲስ አበባ፥ ሁለተኛው በድሬዳዋ ተጫወተ። ናይጄሪያ፥ ዛየር፥ ሞሮኮና ሱዳን በየካቲትና በመጋቢት ወበቅ ወደዚህች ከተማ ወረዱ። ዛየር ማለት ዋንጫውን በእጇ ይዛ የመጣች፥ ከሁለት ዓመት በፊትም በምዕራብ ጀርመን በዓለም ዋንጫ የተጫወተች አገር ናት። በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ናይጄሪያ 4 ለ 2፥ ሞሮኮ 1 ለ 0 አሸነፏትና ከሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ ብቻ ይዛ ተመለሰች። ከምድቡ አንደኛ ሆና የወጣችው ሞሮኮ ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ዋንጫውን ወሰደች፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ነበር። የሞሮኮ የድል ጉዞ የተጀመረው እንግዲህ በድሬዳዋ ነው። የኛ ቡድን ግን በአዲስ አበባ ኡጋንዳን 2 ለ 0 ቢያሸንፍም በጊኒ 2 ለ 1 ተሸንፎ፥ ከግብፅም 1 ለ 1 ወጥቶ ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ።

ረጅሙ ጥበቃ

በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ አንድ ጎል እንኳ ሳናገባ ተመለስን። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቅን። እርግጥ በዚህ መካከል ደስታ አልጠፋም፤ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ በ1980 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ወስደናል፥ ከዚያም በ1994፥ በ1997ና በ1998 ዓ.ም. ደግመን ደጋግመን አግኝተነዋል። ታላቁ ዋንጫ ግን ሩቅ ሆኖ ቀረ።

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት 4 ቀን የሰውነት ቢሻው ቡድን በካርቱም 5 ለ 3 ከተሸነፈ በኋላ ሱዳንን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸነፈ። ጎሎቹን ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ናቸው። ያን ቀን በመጋላ መተላለፊያዎች ውስጥ የነበረ ሰው ደስታው ምን ይመስል እንደ ነበር አይረሳውም። በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ጨዋታችን ከዛምቢያ ጋር ነበር፤ ዛምቢያም የዋንጫው ባለቤት ነበረች። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ፥ በዐሥር ሰው ተጫውተን 1 ለ 1 ወጣን። ቀኑን በኛ አቈጣጠር ቍጠሩት፤ ጥር 13 ቀን ነበር። ልክ በሃምሳ አንደኛው ዓመት።

ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፥ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። ያው ቡድን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እስከ መጨረሻው ዙር ደርሶ እንደ ገና በናይጄሪያ ተሸነፈ። በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር ውበቱ አባተ ያሠለጠኑት ቡድን ካሜሩን ሄደ። በኬፕ ቨርድ 1 ለ 0፥ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፎ፥ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጥቶ ተመለሰ። ከጥር 1954 ወዲህ ዋንጫው ወደ ቤቱ አልመጣም።

ተመልካች ያላየው ድል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ጎሎቹን ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። በመዝገቡ ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ናት። ነገር ግን ጨዋታው የተደረገው በአዲስ አበባ አይደለም፥ በባሕር ዳርም አይደለም፥ በድሬዳዋም አይደለም። በማላዊ ከተማ በሊሎንግዌ ነው። የአገራችን ሜዳዎች የሚፈለግባቸውን ደረጃ አላሟሉም ስለ ተባለ፥ «የሜዳችንን» ጨዋታ በሰው አገር ተጫወትነው።

ነገሩን ከታሪኩ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት። ሜዳችሁ አይበቃም ብሎ የወሰነው ኢትዮጵያ ከአራቱ መሥራቾች አንዷ የሆነችበት፥ አንድ ኢትዮጵያዊም ዐሥራ አምስት ዓመት የመራው ያው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ነው። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን ስናሸንፍ ጩኸቱ ከስታዲየሙ አልፎ በከተማው ተሰምቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ስናሸንፍ ግን ጩኸቱ የተሰማው ከየቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ብቻ ነው። ቡድኑ ድል አደረገ፤ የገዛ ሕዝቡ ግን በስፍራው አልነበረም።

ታላላቅ ስታዲየሞችን መሥራት የመንግሥት ሥራ ነው፤ ገንዘቡም ብዙ ነው። የእኔና የእናንተ ሥልጣን እዚያ አይደርስም። ሌላ የሜዳ ዓይነት ግን አለ፤ የዚያ ሜዳ ዕድል ዘወትር በእኛ በትናንሾቹ እጅ ያልፋል።

እኔ ልጅ ሳለሁ የተጫወትሁበት ሜዳ ዛሬ መጋዘን ቆሞበታል። የፈረመውን ሰው አላውቀውም፤ ክፉ ሰው ነበር ብዬም አላምንም። ሜዳው ለእኛ ስም ነበረው፤ ሁለቱ ጎሎች የቆሙበትን፥ ውሃ የሚያቍረውን ጥግ፥ ኳስ ስትገባባቸው የሚቈጡትን እናት ግቢ ሁሉ እናውቅ ነበር። በመሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ግን ይህ ሁሉ አልተጻፈም። ፋይሉ የሚለው «ክፍት ቦታ» ብቻ ነው። ማመልከቻ መጣ፤ ክፍት ቦታ መኖሩ ተረጋገጠ፤ ማኅተም ተመታ። እንዲህ ሆኖ አንድ ሜዳ ያለ ጠብና ያለ ጩኸት በአንዲት ጠረጴዛ ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ልጆች ደቻቱ ወረዱ። ደቻቱም በክረምት ምን እንደሚያደርግ ድሬዳዋ አሳምራ ታውቃለች።

ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቻችሁ እንዲህ ካሉት ጠረጴዛዎች ኋላ የተቀመጣችሁ፥ ወይም ነገ ተመርቃችሁ የምትቀመጡ ናችሁ። ደመወዛችሁ ትንሽ እንደ ሆነ፥ የመጨረሻው ፊርማም የእናንተ እንዳይደለ ዐውቃለሁ። ሆኖም ፋይሉን መጀመሪያ የሚገልጠው፥ ቦታውን ሄዶ የሚያየውና ያየውን የሚጽፈው የበታቹ ጸሐፊ ነው። «ክፍት ቦታ» ብሎ መጻፍና «የሰፈሩ ልጆች የኳስ ሜዳ» ብሎ መጻፍ የሁለትና የሦስት ቃላት ልዩነት ነው። የበላዩ ይህን አንብቦ ቦታውን ቢሰጥ ዐውቆ ሰጠ፤ ያልተጻፈለትን ግን ከቶ ሊያውቅ አይችልም።

ተማሪዎች የሆናችሁም ሥራ አላችሁ። በየከተማችሁ የጠፉ ክለቦች አሉ። አያቶቻችሁ ማልያ ለብሰው የተነሡት ፎቶግራፍ በየሣጥኑ ተቀምጧል። በፎቶግራፉ ላይ የቆሙት እነማን እንደ ሆኑ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፥ ጻፉትም። ከተማ የራሱን ታሪክ ካላወቀ ሜዳው ለምን እንደሚያስፈልገው ለማንም ማስረዳት አይችልም።

ያን ዕለት በክፍሌ ውስጥ «ኮተን» የሚለውን ስም በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁት፤ ከሥሩም ስድስቱን ዓመታት ከ1960 እስከ 1965 ደረደርሁ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሣና «መምህር፥ ታዲያ ያ ሁሉ ሰው የት ይጫወት ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው የልጅ ነው፤ ግን የአንድ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ በሙሉ በውስጡ አለ። እኔም እንደ ቻልሁ መለስሁለት። ደወሉ ተደወለና ልጆቹ ወጡ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በመስኮቱ ስመለከት ወደ አሸዋው ሲወርዱ፥ ድንጋይ ሲያስቀምጡ አየኋቸው።